ስፌትና አፎቻ፦ የሐረር ሴቶች መረዳጃ ለቅሶን ሲችል ዋጋን ለምን አልቻለም?

ለሴት ነጋዴዎችና ለሴት የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች የሚሆን መረዳጃ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የሆቴል አዳራሽ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ የስም ካርድና የሻይ ዕረፍት ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው መረዳጃ አዳራሽም ካርድም የለውም። ስሙ አፎቻ ነው፤ የተቋቋመው ለሰርግና ለለቅሶ ነው፤ ከንግድ ጋር ጉዳይ ያለው አይመስልም። ይሁን እንጂ የሐረር የሣር ስፌት እስከ ዛሬ ከሴቶቹ እጅ ሳይወጣ የቆየው፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም ሥልጠናና ብድር ይልቅ በዚሁ መረዳጃ ላይ ተደግፎ ነው። ጉዳዩን የማየው ከ1967ቱ ለውጥ ወዲህ ስፌት ሠሪዎቹና አፎቻቸው አብረው ባለፉባቸው ፈተናዎች በኩል ነው። አፎቻ ለሠሪዋ ምን ይሰጣታል? ምንስ ሳይሰጣት ይቀራል? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ቦታው። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባስገነቡት ግንብ የታጠረች፣ ከ50 ሄክታር በታች በሆነ ቦታ ላይ የታጨቀች ከተማ ናት። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ቅርስነቷን ቱሪስቱ ይቁጠረው፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገን ጥበቷ ነው። በጠባቡ መንገድ ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው ሲተላለፉ አንዷ ለአንዷ ትከሻዋን ታዞርላታለች። የማን በር ተዘጋ፣ የማን ቤት እንግዳ መጣ፣ ማን ከለቅሶ ቀረች የሚለው ሳይነገር ይታወቃል። በዚህ ላይ የሐረሪ ብሔረሰብ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 183,415 ሲሆን ሐረሪዎቹ ከአሥር አንድ እጅ አይሞሉም። ትንሽ ማኅበረሰብ፣ ጠባብ ከተማ፤ እዚህ አገር ስም የሚጠፋውም የሚገነባውም በፍጥነት ነው።

ስፌቱ የሚገኘው ቤት ውስጥ ነው። ጌ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ሲገባ ወለሉ በከፍታና በዝቅታ የተከፋፈለ መቀመጫ፣ ነደባ፣ ይሆናል። ከነደባው በላይ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳሕን ይሸፈናል። እንግዳ ሰው ጌጥ ብሎ ያልፈዋል። የአገሬው ሴት ግን ዓይኗን አንድ ጊዜ ስታዞር የቤቱን እመቤት ታነብባታለች፤ ጥለቱ የተሳካው የትኛው ነው፣ የእናት ሥራ የትኛው ነው፣ ለሰርግ የመጣው የትኛው ነው። ግድግዳው የሴቲቱ የሥራ ማስረጃ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚያነቡትም ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሥራውን ቀርቦ ላየው ትዕግሥትን የሚፈትን ነው። ስፌት ከእምብርቱ ይጀመራል። የራሰው ሣር በጣት ተጠምዝዞ ትንሽ ክብ ይሆናል፤ ወስፌው ይወጋል፤ አለላው በቀዳዳው ያልፍና ጠበቅ ተደርጎ ይሳባል። ከዚያ እንደገና ወስፌ፣ እንደገና አለላ። ዙሩ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጥለቱ በቆጠራ ይጠበቃል፤ በአንዱ ዙር ቀዩ በአንድ ስፌት ቢያልፍ ስሕተቱ ዓይን ውስጥ የሚገባው በሚቀጥሉት ዙሮች ነውና ሠሪዋ እስከዚያ ድረስ የሠራችውን ትተረትራለች። ትልቅ መሶብ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሴቲቱ የቤት ሥራ ስላለባትና በየመካከሉ ስለምትነሣ ወራትም ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን እጅ እንጂ አፍ አይያዝም። ስለዚህ ስፌት ከጥንትም የብቻ ሥራ አልነበረም። ልጃገረዶቹ ሞይ ጋር በሚባለው የሥራ ቤት ተሰብስበው ከአንዲት ባለሙያ ሴት ሥር ይማሩ ነበር። እዚያ አብረው ወስፌ የያዙት ልጆች አድገው በአንድ አፎቻ ውስጥ ቢገናኙ የሚገርም አይደለም።

አፎቻ በአጭሩ የሐረር እድር ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም፤ ነገር ግን እድር የለመደ ሰው ሁለት ልዩነት ያገኛል። አንደኛ፣ የወንዶቹና የሴቶቹ አፎቻ የተለያየ ነው፤ የሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ በበለጠ ይገናኛል፣ ሥራውም ይበዛል። ሁለተኛ፣ የሰርጉ ድርሻ ከለቅሶው አያንስም፤ ምግቡን የሚሠሩት፣ ከበሮውን የሚመቱት፣ የሚዘፍኑት የአፎቻ ሴቶች ናቸው። ለሐረሪ ሰው ሦስት የሰው ክበቦች አሉት፤ ዘመድ፣ ጓደኛና አፎቻ። ዘመድ በልደት ይመጣል፣ ጓደኛ በፍቅር ይመጣል፣ አፎቻ ግን በግዴታ ይጠበቃል። በዙሪያው ያሉት የሐረርጌ ኦሮሞዎችም መረዳጃቸውን አፎሻ ይሉታል፤ ድሬዳዋ ገብታችሁ ስለ እድር ብትጠይቁ ይህን ቃል መስማታችሁ አይቀርም።

አፎቻ የሚቆጥረው ገንዘብን ብቻ አይደለም፤ ዋናው ሒሳብ መገኘት ነው። እናቷ የሞተችባት ሴት ቤት ማን ማለዳ መጣ፣ ማን እህሉን አጠበ፣ ማን ከሐዘንተኛዋ አጠገብ ተቀመጠ የሚለው በማንም ደብተር ባይጻፍም አይረሳም። የቀረች ትጠየቃለች። ሀብታሟ ብር ልካ መቅረት አትችልም፤ ብትችል ኖሮ አፎቻ ዕድሜው ያጥር ነበር ብዬ አስባለሁ። ድሃዋ ደግሞ ብር ባይኖራትም ጉልበትና ጊዜ ስላላት እኩል አባል ሆና ትቆያለች።

ይህ ለስፌት ሠሪዋ ምኗ ነው? የመጀመሪያው ጥቅም ገበያ ነው፤ ያውም ማስታወቂያ የማያስፈልገው። ሰርግ ባለ ቁጥር ስፌት አለ፤ ለሙሽራዋ ቤት፣ ለአማቷ የሚወሰደው፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው። ሰርጉን የምታዘጋጀው አፎቻ ሠሪዎቹን በስም ታውቃቸዋለች። ሁለተኛው ጥቅም የሚያውቅ ዓይን ነው። ሥራዋን የሚያዩት ሴቶች ራሳቸው ወስፌ የያዙ ናቸው፤ አይሸነግሏትም፤ ጥሩውንም ጥሩ ሲሉ ምክንያቱን ያውቁታል። አንድ የእጅ ጥበብ ሠሪ ከገንዘብ ቀጥሎ የሚያስፈልጋት ይህ ነው፤ ከገንዘብም የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው ጥቅም ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ይመስለኛል። የትንሽ ነጋዴን መነሻ ገንዘብ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ኪሳራ አይደለም፤ ለቅሶና ሰርግ ነው። ሣር፣ ቀለምና አለላ የምትገዛበት ብር በአንድ ሳምንት የለቅሶ ወጪ ያልቃል፤ ከዚያ ሥራው ይቆማል። አፎቻ ያንን ወጪ በብዙ ትከሻ ላይ ሲያካፍለው የሠሪዋ መነሻ ገንዘብ ይተርፋል። ስለዚህ አፎቻ ስለ ንግድ አንድም ቃል ሳይናገር የንግድ ኢንሹራንስ ሆኖ ይሠራል።

ፈተናው የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ፤ አምስት ወር እንኳን ሳይሞላ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የሐረሪ ባለርስት ቤተሰብ ገቢ በከተማይቱ ዙሪያ ካለው እርሻና ከሚያከራየው ቤት ነበረ፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ሄዱ። ወንዶቹ ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር ወጡ፤ ዛሬ በቶሮንቶና በሌሎች የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ያለው የሐረሪ ማኅበረሰብ ከዚያ ዘመን ወዲህ የሰፋ ነው። ቤት የቀሩት ሴቶች ወደ ንግድ ገቡ። እስከዚያ ድረስ ስፌት የቤት ክብርና የሙሽራ ዕቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚሸጥ ዕቃም ሆነ። በአስተዳደሩ በኩል ቀበሌ መጣ፤ ቀበሌው ስኳርና ቤት ሊያድል ይችላል፣ ሐዘንተኛ ግን አያጽናናም። አፎቻ ያለፈው እንዲህ ነው፤ ማንም ሊወርሰው የሚችል ንብረት አልነበረውም።

ቱሪስቱና ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ያመጡትን ለውጥ በአጭሩ ልለፈው። ከውጭ ለሰርግ የሚመጡት በሻንጣቸው ስፌት ይዘው ይመለሳሉ፤ በመሆኑም የአፎቻው ገበያ ባሕር ተሻገረ። ቱሪስቱ ደግሞ ትንሽ፣ ቀላልና ርካሽ ይፈልጋል። ቤቶቻቸውን ለእንግዳ ማረፊያ የከፈቱ ሴቶች አሉ፤ ከነሱ ግድግዳ ላይ ያየውን ስፌት እንግዳው ከጎረቤት ይገዛል። ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮናን ለመከላከል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። በመገኘት ለሚቆም ተቋም ከዚህ የከፋ ሕግ ሊታሰብ አይችልም። ቀብር በጥቂት ሰው ሆነ፤ ሰርግ ተሰረዘ ወይም ጓዳ ገባ፤ ቱሪስቱ ቀረ። ወራት ሳይቆይ ደግሞ በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የውጭ እንግዳ የመምጣቱ ተስፋ ይበልጥ ራቀ። ለስፌት ሠሪዋ ሁለቱም በሮቿ በአንድ ጊዜ ተዘጉ፤ የሰርጉም የቱሪስቱም። ይህ ጊዜ የአፎቻን ጥንካሬና ድክመት አንድ ላይ አሳየ። ጥንካሬው፣ ዕዳው አለመሰረዙ ነው፤ በዚያን ጊዜ ያልተደረሰ ለቅሶ እገዳው ሲላላ ይደረስ ነበር፣ እንደ አገራችን ልማድ ለቅሶ ጊዜው ያልፍበታል አይባልምና። ድክመቱ ደግሞ፣ አፎቻ ሐዘን ለደረሰባት ሴት እንጂ ገበያ ለጠፋባት ሴት ምንም የተዘጋጀ ነገር አልነበረውም። ሞት ያልገባበት ቤት ተርቦ ሊያድር ይችላል፤ አፎቻ ግን የሚንቀሳቀሰው በሞትና በሰርግ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። በጀጎል መንገድ ላይ በሁለት ተቀራራቢ በሮች ስፌት ተዘርግቶ ማየት የተለመደ ነው። ገዢው በአንደኛው በር ይቆማል።

«እማማ፣ ይኼ በስንት ነው?»

ዋጋው ይነገረዋል። ፊቱን አጨማዶ ያስቀምጠውና ወደ ሁለተኛው በር ይሄዳል። እዚያ የምትቀመጠው የመጀመሪያዋን ዋጋ ሰምታለች፤ መንገዱ ጠባብ ነውና። ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች። ሁለቱ ሴቶች ማታ በአንድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ነገር ግን አይነጋገሩም። ይሉኝታው አያስችልም። ሐዘን ላይ ስለ ገንዘብ ማንሣት ነውር ነው፤ ሰርግ ላይም እንዲሁ። የሚገናኙት ደግሞ በሐዘንና በሰርግ ነው። እንግዲህ ስለ ዋጋ መቼ ይነጋገሩ?

ዋጋው ራሱ እንዴት እንደሚወጣ ብታዩ ደግሞ ሌላ ነገር ትታዘባላችሁ። ብዙ ሠሪዎች የሚያሰሉት የሣሩን፣ የቀለሙንና የአለላውን ወጪ ነው፤ በዚያ ላይ ጥቂት ይጨምራሉ። ሰዓታቸው ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ «ቤት ቁጭ ብዬ የሠራሁት» ስለሆነ ነጻ ይመስላል። በአፎቻው ዓለም ይህ አነጋገር ትክክል ነው፤ እዚያ ጊዜ በጊዜ ይመለሳል፤ ዛሬ ለአንቺ የተቀመጥኩትን ነገ ለእኔ ትቀመጪልኛለሽ። ከቱሪስቱ ጋር ግን ጊዜዋ አይመለስላትም። ሴቲቱ በአፎቻ የለመደችውን የሒሳብ አያያዝ ይዛ ገበያ ወጥታለች፤ የምትጎዳውም በዚሁ ነው።

አንዳንድ ሰው እንግዲያው አፎቻውን የንግድ ማኅበር እናድርገው ይላል። እኔ አልስማማም። አፎቻ የሚጸናው ብር የሌላት ሴት እኩል ስለምትቆጠርበት ነው፤ ትርፍና ኪሳራ ሲገባበት የምትሸጠውና የማትሸጠው መለያየታቸው አይቀርም፣ ለቅሶ ቤቱም የቅሬታ ቤት ይሆናል። የሚያስፈልገው ከአፎቻው ጎን የሚቆም ሁለተኛ ክበብ ነው፤ ሰዎቹ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ደብተሩ ግን የተለየ። ለዚህ አገራችን እቁብ የሚባል የተፈተነ መሣሪያ አላት። አሥራ ሁለት ሠሪዎች በወር 2,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ ለአንዷ 24,000 ብር ይደርሳል፤ ይህ የአንድ ዓመት ሣርና ቀለም በርካሽ ወቅት ለመግዛት፣ ወይም ክረምቱን ሳትሸጥ ለመቆየት ያስችላል። መቆየት መቻል ደግሞ ራሱ ዋጋ ነው፤ ዝቅ አድርጋ የምትሸጠው ዛሬ ብር የሚያስፈልጋት ናት።

ከእቁብ በላይ ያለው ገንዘብስ? የሴቶች ገንዘብ ነክ ተቋም አገራችን ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። አሥራ አንድ ሴቶች የመሠረቱት እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2004 ዓ.ም. የጸደቀው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት በመጀመሪያ ከመረጣቸው ስድስት ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ነበረች፤ ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት እየተሰጠ ለሴት ነጋዴዎች ይበደር ነበር። ዓላማው ለቡድን ብድር ትልቅ፣ ለባንክ ብድር ደግሞ ትንሽ የሆነችውን መካከለኛዋን ነጋዴ ማግኘት ነው። ድሬዳዋ ከሐረር ሩቅ አይደለችም፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አትርቅም፤ የንግድ ጠባይዋ ግን ሌላ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስባት የተቆረቆረች፣ ሰውም ዕቃም ከየአገሩ የሚገናኝባት ከተማ ናት። እዚያ ብድር ወስዶ ሱቅ መክፈት ያስመሰግናል፤ ጀጎል ውስጥ ግን መበደር ከአፎቻው ዓይን የሚሰወር አይደለም፣ አንዳንዷንም ያሳፍራታል።

ሴቶቹን ከብድር ከሁሉ በላይ ያገዳቸው ማስያዣ ነበር። ባንክ ቤት ይጠይቃል፤ ቤቱ በአባት ወይም በባል ስም ነው። ሕጉ ግን ቀስ በቀስ መንገድ ከፍቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በድሬዳዋም የሚሠራው፣ ሚስት ከቤት ውጭ እንዳትሠራ ባል እንዲቃወም ይፈቅድ የነበረውን የድሮውን ድንጋጌ አስቀረ፤ በጋራ ንብረት ላይም እኩል ሥልጣን ሰጣት። ሐረሪ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትናን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከቤትና ከመሬት ውጭ ያለ ንብረት፣ የንግድ ዕቃ ክምችት ጭምር፣ ማስያዣ እንዲሆን ፈቀደ። በወረቀት ላይ እንግዲህ የስፌት ሠሪዋ መደርደሪያ ማስያዣ ሊሆን ይችላል።

የብድር መኮንኑ ግን ስፌት አያውቅም። የትኛው የአርባ ዓመት ሥራ፣ የትኛው ለቱሪስት በጥድፊያ የተሰፋ እንደሆነ አይለይም፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይገምታል፣ ወይም አይቀበልም። ይህን የሚለዩት ማናቸው? ያው ከግድግዳው ላይ ቤቱን የሚያነቡት ሴቶች ናቸው። አፎቻ ያጠራቀመው ትልቁ ሀብት ይህ የሚያውቅ ዓይን ነው፤ እስካሁን ለገበያ ያልዋለውም እሱ ነው። ሁለተኛው ክበብ ከተመሠረተ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርግ የሚገባው ስፌቱን በደረጃ መለየት፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚል ወለል ማውጣት፣ የሠሪዋን ምልክት በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ማድረግ ነው። ግምቱን በሦስት ባለሙያ ሴቶች ፊርማ ለአበዳሪው ቢያቀርቡ መኮንኑም የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው አስቸጋሪ ጥያቄ የአባልነት ነው። አፎቻው የሐረሪ ነው፤ ስፌት ግን ዛሬ በከተማይቱ የሚሰፉት ሐረሪዎች ብቻ አይደሉም። የኦሮሞና የአማራ ሴቶችም ወስፌ ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ የሐረሪን ጥለት ይሰፋሉ፣ አንዳንዶቹ የራሳቸውን። የዋጋ ወለሉ ከግንቡ ውስጥ ብቻ ከወጣ ገዢው ከግንቡ ውጭ ሄዶ ይገዛል፤ ወለሉም ወለልነቱ ይቀራል። ሁሉም ከገቡ ደግሞ ጥለቱ የማን ነው የሚለው ጠብ ይነሣል። ለዚህ የሚሻለው በእኔ እይታ እቁቡንና የዋጋ ወለሉን ለሁሉም ሠሪ መክፈት፣ «የሐረሪ ጥለት» የሚለውን ምልክት ግን የደረጃ መዳቢዎቹ ሦስት ሴቶች እንዲሰጡት ማድረግ ነው። መዳቢዎቹ ከማን ይመረጡ፣ በስንት ዓመት ይቀየሩ፣ የራሳቸውን ሥራ ማን ይመድብላቸው የሚለው ገና ያልተነካ ነው።